ጥላ ወደ ደቡብ የሚወድቅበት ወር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ቤቴ ድረስ እየመጡ ስለ ሶላር ይጠይቁኛል። መብራት እየጠፋ ያማረረው፣ ገጠር ላሉት እናቱ አንድ አምፖል ማብራት የፈለገ፣ የሱቁ ማቀዝቀዣ ያስጨነቀው፣ ሁሉም ይመጣል። በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ፀሐይ ስለሚቀበለው ሰሌዳም ስለ ባትሪውም አይደለም። "ምን ምን ታበራለህ? በቀን ለስንት ሰዓት?" እላለሁ። አብዛኛው ሰው አስቦበት አያውቅም። ወረቀት አስይዤ አስጽፈዋለሁ፤ ሁለት አምፖል፣ ከመሸ በኋላ ለሦስት ሰዓት፤ ራዲዮ፣ ጠዋት ጠዋት። ባትሪው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ባትሪውን ተከትሎ። ይህን ካልኩ በኋላ ቤቱን ሳላይ አንድ ቃል አልጨምርም።

"ጋሼ፣ ጣራውን ፎቶ አንስቼ አምጥቻለሁ እኮ" ይሉኛል ወጣቶቹ ስልካቸውን እየዘረጉልኝ።

"ፎቶው ጥሩ ነው። እኔ ግን ጣራውን አላየሁም።"

አንዳንዱ የሽማግሌ ግትርነት መስሎት ይስቃል። ለምን እንዲህ እንደሆንኩ እስከ ዛሬ ለማንም ዘርዝሬ አልተናገርኩም። እጄ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ልጻፈው።

አባቴ ከደጋ መጥቶ ድሬዳዋ ላይ የቀረ የባቡር ሰው ነበር። እኔ እዚያው ከዚራ የሚባል ሰፈር ተወልጄ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ ተማርኩ። ፈረንሳይኛውን የምጠቅሰው ለኩራት አይደለም፤ ጥፋቴ የመጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በአንድ የመንግሥት ጥገና ወርክሾፕ ተቀጠርኩና ባትሪ ክፍል ተመደብኩ። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃ ነበር። የሚቆጨኝ ልብሴ ነበር፤ አሲዱ ሱሪዬን ሁሉ ወንፊት አድርጎት ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ አው ዩስፍ ይባላሉ። ሐረሪዎች ታላላቆቻቸውን "አው" ስለሚሉ እኛም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ነውር አይደለም። የእናቴ ቁጣ ግን አለቀቀኝምና እሳቸውን አንቱ ማለት አልተውኩም። ይህ ያስቃቸዋል። "አቦ፣ እኔ አንድ ዩስፍ ነኝ፤ አታብዛኝ" ይሉኝ ነበር።

ጠዋት ሲገቡ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ መስኮቶቹን ይከፍታሉ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ከዚያ መዳፋቸውን በየባትሪው ጎን እያሳረፉ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ከጓደኞቹ የሞቀ ካገኙ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። አሲድ መለኪያው የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመስታወት ቱቦ ነው፤ ከባትሪው ትንሽ አሲድ ሲሳብበት በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ካለ ባትሪው ጠግቧል፣ ዝቅ ካለ ርቦታል። አሲድ የሚይዙትን የባትሪውን ስድስት ጉድጓዶች ለክተው በደብተራቸው ሳይጽፉ ስለዚያ ባትሪ ምንም አይናገሩም።

አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እየተቻኮለ ገባ።

"አው ዩስፍ፣ መኪናዬ ጠዋት አልነሳ አለኝ። ባትሪው ሞቶ ይሆን?"

"አላየሁም።"

"ትናንት እኮ ደህና ነበር። እስቲ ምን ይመስልሃል?"

"ወላሂ አላየሁም። አምጣው።"

ሹፌሩ እየተሳደበ ሄደና ከሰዓት በኋላ ባትሪውን ተሸክሞ መጣ። ባትሪው ደህና ነበር፤ የላላው ማሰሪያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር በስልክ ስለ አንድ ዕቃ ሲጠይቃቸው የሚያገኘው መልስ ይኸው "አላየሁም" ነበር። "ስልክ አሲድ አይለካም" ብለው የስልኩን እጀታ ያስቀምጣሉ።

ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ ለሆስፒታል የድንገተኛ መብራት ባትሪ ስንሞላ ሦስት ቀን ከክፍሉ አልወጣንም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ዋሂል የሚባል ገጠር ተመድቤ የውሃ ፓምፕ ሞተር ጠበቅሁ። ወደ ድሬ ስመለስ ራሴን እንደ ሙሉ ባለሙያ እቆጥር ነበር። አው ዩስፍ ግን አሁንም የለካሁትን ደግመው ይለኩ ነበር፤ ይህ ውስጥ ውስጡን ያበግነኝ ጀመር።

ከታላቁ ድርቅ በኋላ፣ በጥር ወር፣ አራት ትልልቅ ሣጥኖች ግቢያችን ደረሱ። ለገጠር ክሊኒኮች ክትባት ማቆያ የሚሆኑ በፀሐይ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች ናቸው ተባለ። ሰሌዳ ያየነው ያን ጊዜ ነው። አው ዩስፍ ከሣጥኑ አስወጥተው ፀሐይ ላይ አጋደሙትና አምፔር መለኪያ አስገጠሙኝ። መርፌው ሽቅብ ወጣ። ከዚያ አንዱን ጥግ በመዳፋቸው ሸፈኑት። የሸፈኑት ትንሽ ቦታ ነው፤ መርፌው ግን እስከ ግማሽ ወረደ። እጃቸውን አነሱ፣ መለሱ፣ አነሱ።

"አየህ? አንዲት የዛፍ ቅርንጫፍ ትበቃዋለች" አሉኝ።

ከሣጥኑ ጋር የመጣው መመሪያ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር። ከእኔ በቀር የሚያነበው ሰው በወርክሾፑ አልነበረም።

"ወረቀቱ ምን ይላል?"

"ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን፣ አርባ አምስት ዲግሪ ይዘንብል ይላል።"

"የጻፈው ሰው ድሬን አይቷታል?"

"መሐንዲስ ነው እኮ የጻፈው፣ አው ዩስፍ።"

"መሐንዲስነቱን አልጠየቅኩህም። ድሬን አይቷታል ወይ ነው ያልኩህ።"

ሳቅሁ። ሽማግሌው ፈረንሳይኛውን ስለማያነቡ ቀኑ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው በዚያው ሰሞን ወራት ለሚፈጅ የዓይን ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሥራው በእኔ እጅ ቀረ።

ከአራቱ አንደኛው ማቀዝቀዣ የተመደበው ከቢዮ አዋሌ አለፍ ብላ ለምትገኝ አንዲት መንደር ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ዛሬም አሉባት። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበረው። በአንዱ ሕሙማን ይታያሉ፤ በሌላው ዘነበች የምትባል ጤና ረዳት ትኖራለች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ንግግሯ አጭር፣ እጇ ንጹሕ ሴት ነበረች። በመመሪያው ላይ እንዳለው ከማቀዝቀዣው የተረፈው ኃይል አንድ አምፖል ማብራት ይችላልና መስመሩን ወደ መኖሪያዋ ሳብኩላት። በዚያ አገር የፀሐይ መብራት የገባለት የመጀመሪያው ቤት የዘነበች ነው።

ሰሌዳውን በብረት እግር ላይ አቁሜ፣ ኮምፓስ ይዤ፣ ዲግሪውን በማዕዘን መለኪያ አረጋግጬ ተከልኩት። በጥር ቀትር ላይ መርፌው እኔ ካሰብኩት በላይ ወጣ። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ "መስታወቱ ፀሐይ ጠጣ" እያለ ይደነቅ ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሙሳ የሚባል፣ በግመልና በመኪና ዕቃ እያመላለሰ የሚነግድ የሶማሌ ተወላጅ ነው። ሐዋ የምትባል የሁለት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጧት ነበር። እሷ ሰሌዳውን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ እሱ ወደ ኋላ ይላል።

"ወላል፣ ወንድሜ፣ ይህ ነገር ለቤትም ይሆናል?" አለኝ።

"ይሆናል። አንድ ቀን ለሁሉም ቤት ይመጣል።"

ያን ቀን በሠራሁት ሥራ እንደ ኮራሁ ደግሜ በምንም ኮርቼ አላውቅም።

ግንቦት ላይ ከዘነበች ደብዳቤ መጣ። የማቀዝቀዣውን ሙቀት ጠዋትና ማታ እየለካች በካሬ ወረቀት ትመዘግብ ነበር። ቅዝቃዜው ከሚያዝያ ጀምሮ እየቀነሰ መሆኑን፣ አንዳንድ ቀን ሞተሩ ከሰዓት በኋላ ጭራሽ እንደሚቆም፣ መብራቷንም ማብራት እንደ ተወች ጽፋ፣ ባለሙያ እንዲመጣ ትጠይቃለች። ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። መሄድ ነበረብኝ። መኪና አልነበረም፤ ስብሰባ ነበር፤ እነዚህ እውነት ናቸው። ዋናው እውነት ግን በገዛ እጄ የተከልኩት ነገር ሊሳሳት ይችላል ብዬ አለማሰቤ ነው። እንዲህ ብዬ መልስ ጻፍኩ፦

"የማቀዝቀዣው በር ቶሎ ቶሎ ሲከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይከፈት። መሣሪያው በመመሪያው መሠረት በትክክል ስለተተከለ ሌላ ችግር የለበትም።"

ፈረምኩ፤ ማኅተም ተመታበት።

ሰኔ ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች። "በሩን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምከፍተው" ትላለች። መኪና ሲገኝ እሄዳለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ ላይ መንደሯ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። የተከተቡ ልጆች ታመሙ። ሁለት ሞቱ። አንደኛዋ የሙሳ ልጅ ሐዋ ነበረች።

ከጤና ጥበቃ የመጡ ሰዎች ክትባቱ ሙቀት እንደ መታው ወዲያው አወቁ። የዘነበችን መዝገብ ሲያዩ ሙቀቱ ሁሉ በእጇ ተጽፏል። "እያወቅሽ ከተብሽ" ተባለች። የእኔም ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ተገኘ። በር በመክፈት ነው ይላል፤ መሣሪያው ችግር የለበትም ይላል። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሲበላሽ "አሻጥር" የምትባል ቃል ሩቅ አልነበረችም። ዘነበችን ይዘው ድሬዳዋ አመጧትና አሰሯት።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስጠርቶኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "ጓድ ግርማ፣ ያቺ ደብዳቤህ አዳነችን" አለኝ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

አው ዩስፍ በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ተመለሱ። የግራ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ወሬውን ሰምተዋል። መስኮቶቹን ከፍተው፣ ባትሪዎቹን ዳስሰው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"መሣሪያውን አይተኸዋል?"

"በጥር ስተክለው መርፌው..."

"በጥር አላልኩህም። አሁን።"

"አላየሁም" አልኩ። እሳቸው ያን ቃል ሲሉት ጥንቃቄ ነበር። ከእኔ አፍ ሲወጣ ክስ ሆኖ ተሰማኝ።

በማግስቱ ከአንድ የአትክልት ጫኝ መኪና ሹፌር ጋር ተነጋግረው ወሰዱኝ። መንደሩ ስንደርስ ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ክሊኒኩ ታሽጓል፤ ሰሌዳው ውጭ እንደ ቆመ ነው። ሰላም የሚለን ሰው አልነበረም። አው ዩስፍ ሰሌዳውን እንኳ አላዩትም። አንድ ቀጥ ያለ ዱላ ፈልገው መሬት ላይ ተከሉና አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ጥላው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም ነበር።

"ጥላው ወደየት ወደቀ?" አሉኝ።

አየሁ። ወደ ቢዮ አዋሌ መንገድ፣ ወደ ተራራው፣ ወደ ደቡብ ወድቋል። ፀሐይዋ በስተ ሰሜን ነበረች።

እዚሁ አገር ተወልጄ አድጌያለሁ። በክረምት ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን እንደምታልፍ ማንኛውም ግመል ጠባቂ ያውቀዋል። እኔም ሳላውቀው አልቀርም፤ ግን ከወረቀቱ ጋር አላገናኘሁትም። መመሪያው የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ለምታልፍበት አገር ነው። እኔ ሰሌዳውን ጀርባውን ለክረምት ፀሐይ እንዲሰጥ አድርጌ አቁሜዋለሁ። በጥር ፀሐይዋ በደቡብ ስለነበረች መርፌው አታለለኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ ግን ለሰሌዳው የሚደርሰው የፀሐይ ፍርፋሪ ነበር፤ ደመናው ሲጨመርበት ያም ጠፋ።

አው ዩስፍ ብሎኑን አስፈትተው ሰሌዳውን አስተኙት። ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ብቻ ትንሽ ዘንበል አደረጉት። አምፔር መለኪያውን ስገጥመው መርፌው በእጥፍ ወጣ። ዘነበች ለዚያ ደቂቃ እዚያ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ ባለመኖሯ ተጽናናሁ። ሰው እንዲህ ነው።

ስንመለስ መኪናው ላይ "ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ። ያየኸው አንተ ነህ" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ዐሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ። አው ዩስፍ ጠዋት ሰላምታ ይሰጡኛል፤ የለካሁትን ግን ደግመው መለካት ተዉ። እንደ ድሮው ቢለኩብኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ እህል አልበላ ስላት ታመምክ ወይ ትለኛለች። ፍርሃቴ ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ በሰፈራችን የማያውቅ አልነበረም። የዘነበች ወንድም ግን ከሩቅ አገር መጥቶ በየቀኑ ምግብ ይዞ በወርክሾፓችን በር ያልፍ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስለማያውቅ ሰላም ይለኛል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሰላምታውን መመለስ አቃተኝ።

ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ጓድ ግርማ፣ ይህን እኔ አልሰማሁም። ውጣና ሥራህን ሥራ።"

"ሴትዮዋ ታስራለች።"

"አንተም ትታሰራለህ። እኔንም ታሳስረኛለህ። ልጆች አሉኝ።"

ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ እኔ የፈራ ሰው ነበር። ከቢሮው ወጥቼ የሆነውን በሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ሁለተኛዋን ደብዳቤ ከመሳቢያዬ አውጥቼ አያያዝኩበት። የዘነበችን ጉዳይ ወደያዘው አጣሪ ኮሚቴ ልሄድ ስነሳ አው ዩስፍ ጋዋናቸውን አውልቀው ኮፊያቸውን አስተካከሉ።

"እርስዎ አይምጡ፤ ምንም አላጠፉም" አልኳቸው።

"መንገዱ የመንግሥት ነው፤ እሄድበታለሁ" አሉና ከጎኔ ተራመዱ። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በአሸዋው ላይ ተሻግረን ሄድን። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ እስከ ማታ ድረስ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠርተው ስለ እኔ ሲጠይቋቸው "ሰሌዳውን አይቻለሁ። የተሳሳተው እሱ ነው። መሳሳቱን ያመነውም እሱ ነው። ሌላ አላየሁም" ማለታቸውን በኋላ ሰማሁ።

ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። ለምን በዚያ እንደ ቆመ አላውቅም፤ ምናልባት ስህተቱ ከመመሪያው መምጣቱን ስላዩ ይሆናል። ከባትሪ ክፍል ተነስቼ ለአንድ ዓመት መጋዘን ተመደብኩ፤ እርከኔም ዝቅ አለ። የሌሎቹን ክሊኒኮች ሰሌዳ አው ዩስፍ በአንድ ዓይናቸው ዞረው አስተካከሉ። ዘነበች ተፈታች፤ ወደ ቦታዋ ግን አልመለሷትም፤ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሯት።

የምትሄድበትን ቀን ሰምቼ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄድኩ። ወንድሟ ሻንጣዋን እየጫነ ነበር። ከስታለች። ስሜን ነግሬያት ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"እኔ ያንተ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ መከተብ አቁሜ ነበር" አለችኝ። "እናቶቹ እየመጡ ይለምኑኛል፤ እኔ እመልሳቸዋለሁ። መሣሪያው ችግር የለበትም ብለህ ስትጽፍልኝ አመንኩህ። እጄ የወጋው አንተን አምኖ ነው። አንተ ተናግረህ ቀለለህ ይሆናል። እኔ እጄን የት ልጣለው?"

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አላየችኝም። ከዚያ ወዲህ አግኝቻት አላውቅም።

ከመጋዘን ወደ ባትሪ ክፍል ስመለስ አው ዩስፍ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። ደብተራቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ ሐረር ከአባቶቻቸው ጎን ተቀበሩ።

ክፍሉን በኃላፊነት በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጠዋት ሙሳ መጣ። ጢሙ ሸብቷል። ልጁ ከሞተች በኋላ መንደሩን ትቶ ከሚስቱ ከሐሊማ ጋር ድሬ አጠገብ መልካ ጀብዱ መግባቱን ነገረኝ። ከጅቡቲ በኩል አንድ ትንሽ ሰሌዳ አግኝቷል። ኬላውን እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅሁም፤ ያን ጊዜ ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም።

"ልጆቹ የሚያጠኑት በኩራዝ ነው፤ ጭሱ ዓይናቸውን ጨረሰው። ያን ጊዜ ለቤትም ይሆናል ብለኸኝ ነበር፤ አስታወስክ? ናና ግጠምልኝ" አለኝ።

ምንም አያውቅም ነበር። እሱ የሰማው ክትባቱ ተበላሸ የሚለውን ብቻ ነው። እሺ ብዬ መሄድ፣ መግጠም፣ መመለስ እችል ነበር። ወንበር ሰጥቼው ተቀመጠ። ከሰሌዳው አተካከል ጀምሬ እስከ ደብዳቤው፣ መሳቢያ ውስጥ እስካስቀመጥኳት ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ዝም እስካልኩባቸው ዐሥራ አንድ ቀናት ድረስ ነገርኩት።

ይነሳል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"ጎረቤታችን ቤት ኩፍኝ ገብቶ ነበር" አለ። "ሐሊማ ልጅቷን አትልቀቃት አለችኝ። እኔ 'ተከትባለች እኮ፣ ምን ትሆናለች' ብዬ ሄዳ እንድትጫወት ለቀቅኋት። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ገዳይዋ እኔ ነኝ ስል ኖርኩ። ሐሊማንም ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።"

ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ባትሪ የሚያስሞሉ ሰዎች በር ላይ መጥተው አዩንና ተመለሱ።

ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ ተነሳ። "ጣራዬ ላይ አንተ አትወጣም" አለኝ። "ልቤ አይችለውም። ሌላ ሰው ይውጣ። አንተ ግን መጥተህ መሬት ላይ ቁም፣ እያየህ ንገረው።"

በሳምንቱ መልካ ጀብዱ ወረድኩ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጣራው ላይ ወጣ። እኔ ግቢው ውስጥ ቆሜ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ አጠገብ የቆመው ግራር ጥላው የት እንደሚደርስ አየሁና ሰሌዳውን ከቅርንጫፉ አራቅሁት። ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ እንዲተኛ፣ ትንሽ ብቻ እንዲያዘነብል ነገርኩ። ባትሪውን ሕፃናት የማይደርሱበት፣ አየር የሚገባበት ቦታ አስቀመጥን። ሙሳን አሲድ መለኪያ አስይዤ ስድስቱንም ጉድጓድ ራሱ እንዲለካ አደረግሁት። የተጣራ ውሃ እንጂ የጉድጓድ ውሃ እንዳይጨምር፣ ተንሳፋፊው ዝቅ ያለ ቀን አምፖሉን እንዲያሳርፍ አስረዳሁት፤ ያልኩትንም በገዛ ቃሉ መልሶ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አምፖሉን አበራን። ልጆቹ ጮኹ። ሐሊማ እስከዚያ ድረስ ከጓዳ አልወጣችም ነበር። ሙሳ ሁሉንም እንደ ነገራት ከፊቷ አወቅሁ። ሻይ አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠችና አምፖሉን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

"ይህ ነገር የጠፋ ቀን ለማን ነው የምንናገረው?" አለችኝ።

"ለእኔ" አልኳት። "ደብዳቤ አትጻፉ። ሰው ላኩብኝ፤ በዚያው ቀን እመጣለሁ።"

በኖርኩባቸው የሥራ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ። ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ቀን ሄድኩ።